ረጅም ርቀት ሩጫ በደም ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኢ ምን ያደርገዋል?

ባሕር ዳር፦ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በከተሞቻችን ዳር በሚገኙ ኮረብታዎችና መንገዶች ላይ የሚሮጡ ወጣቶችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አበበ ቢቂላ እ.አ.አ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ካሸነፈ ጀምሮ ሩጫ በሀገራችን ክብርም እንጀራም ኾኗል። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ የአርሶ አደር ልጆች ናቸው፤ ለጫማ፣ ለምግብና ለትራንስፖርት የሚያወጡት ገንዘብ ከቤተሰብ እህል ወይም ከበግ ሽያጭ የሚገኝ ነው። በዚህ ላይ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የቫይታሚን እንክብል ሲጨመርበት ሸክሙ ይከብዳል። ኾኖም “ሩጫ ቫይታሚን ይጨርሳል፤ ቫይታሚን ኢ ካልተተካ ጡንቻ ይጎዳል” የሚለው ምክር በልምምድ ሜዳ ሲነገር ይሰማል።

ምክሩ ከፊሉ እውነትነት አለው። ረጅም ሩጫ ሰውነት ቫይታሚን ኢን የሚጠቀምበትን ፍጥነት እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ “እንግዲያው እንክብል ይዋጥ” ወደሚለው መደምደሚያ መድረስ አይቻልም። በመካከሉ ያለውን መንገድ ለመረዳት ቫይታሚኑ ምን እንደኾነና በደም ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከአይጥ መኖ የተገኘ ቫይታሚን

ቫይታሚን ኢ የተገኘው እ.አ.አ በ1922 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ነው። ኸርበርት ኢቫንስ እና ካትሪን ቢሾፕ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን በተመጠነ መኖ ይመግቡ ነበር። አይጦቹ ያድጋሉ፣ ይፀንሳሉም፤ ጽንሱ ግን በማሕፀን ሳለ እየሞተ ይቀራል። በመኖው ላይ የሰላጣ ቅጠል ወይም ቡቃያ የሚወጣበት የስንዴ ፍሬ ክፍል ሲጨመር ግን አይጦቹ ጤነኛ ግልገል ወለዱ። ቫይታሚኑ በኋላ “ቶኮፌሮል” የሚል ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ለዚህ ነው፤ ቃሉ በግሪክኛ መውለድንና መሸከምን ከሚገልጹ ቃላት የተሠራ ነው።

በተፈጥሮ ስምንት ዓይነት ቫይታሚን ኢ አለ። አራቱ ቶኮፌሮል፣ አራቱ ደግሞ ቶኮትራይኖል ይባላሉ። ሁሉም ከምግብ ጋር ወደ አንጀት ይገባሉ፤ ከስብ ጋር አብረው ይመጠጣሉ፤ ወደ ጉበትም ይደርሳሉ። ጉበት ግን ሁሉንም እኩል አያስተናግድም። አልፋ ቶኮፌሮል የተባለውን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን አለው፤ ይህንኑ መርጦ ወደ ደም ሲመልስ የቀሩትን አብዛኛውን ሰባብሮ ያስወግዳቸዋል። ስለዚህ ሐኪም “የቫይታሚን ኢ መጠንህ ይህን ያህል ነው” ሲል የሚናገረው በአብዛኛው ስለ አልፋ ቶኮፌሮል ነው።

ሌላው መያዝ ያለበት ነጥብ ቫይታሚኑ በውኃ የማይሟሟ መኾኑ ነው። በደም ውስጥ ብቻውን አይንሳፈፍም፤ ኮሌስትሮልንና ሌላውን ስብ በሚያጓጉዙ ቅንጣቶች ላይ ተሳፍሮ ይጓዛል። ከአጠቃላይ የሰውነት ክምችት ውስጥ እጅግ የሚበዛው በደም ውስጥ ሳይኾን ከቆዳ ሥርና በሌሎች የስብ ማከማቻዎች ውስጥ ይገኛል። ደም መንገዱ ነው፤ ጎተራው ሌላ ቦታ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው የላቦራቶሪ ውጤት ሲያነብ በቀላሉ ይሳሳታል።

የዘይት መበላሸትና የጡንቻ ጉዳት

የኑግ ዘይት በክፍት ዕቃ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ለሳምንታት ቢቀመጥ ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣል። የሚያበላሸው በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን አንዱን የዘይት ሞለኪዩል ሲያጠቃ፣ የተጠቃው ጎረቤቱን ያጠቃል፤ ያም ቀጣዩን። በደረቅ ሣር ላይ እንደተለቀቀ እሳት አንዱ ለሌላው እያቀበለ ይሄዳል። የሰውነታችን ሕዋሳት የተሸፈኑትም ከዘይት ጋር በሚመሳሰል ስስ የስብ ንጣፍ ስለኾነ ተመሳሳይ አደጋ ይደርስባቸዋል። ይህን የሚያስነሡት “ነፃ ራዲካል” የሚባሉ ያልተረጋጉ ቅንጣቶች ናቸው።

ቫይታሚን ኢ በዚህ የስብ ንጣፍ መካከል ተሰክቶ ይቀመጣል። እሳቱ ወደ እርሱ ሲደርስ ከራሱ ሰጥቶ ያጠፋዋል፤ ሰንሰለቱም እዚያ ላይ ይቆረጣል። የሚደንቀው፣ በኑግ ፍሬ ውስጥ ሳለ የሠራውን ሥራ በሰው ሰውነት ውስጥም መድገሙ ነው። ተክሉ ቫይታሚኑን የሚያመርተው የራሱን የፍሬ ዘይት ከመበላሸት ለመጠበቅ ነው፤ እኛ ደግሞ ተቀብለን ለሕዋሳችን እናውለዋለን። ቫይታሚን ኢ ይህን ሥራ ሲሠራ ግን ራሱ ይለወጣል። ወደ ቀድሞው ይዞታው እንዲመለስ ቫይታሚን ሲን የመሰሉ ሌሎች አጋዦች ያስፈልጉታል። ይህ ነጥብ በኋላ ላይ ስለ እንክብል ስናነሣ ተመልሶ ይመጣል።

ሩጫ ሲጀመር

ሰው በሚሮጥበት ጊዜ ሰውነቱ የሚጠቀመው ኦክስጅን ዕረፍት ላይ ካለው ከ10 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ከዚህ ጋር የነፃ ራዲካል መጠንም ከፍ ይላል። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ እ.አ.አ በ1982 እዚያው በርክሊ የተሠራ ነው። ተመራማሪዎቹ አይጦችን እስኪዝሉ አስሩጠው በጡንቻቸውና በጉበታቸው ውስጥ የነፃ ራዲካል ምልክት መጨመሩን ለኩ። ቫይታሚን ኢ የጎደላቸው አይጦች ደግሞ የመጽናት አቅማቸው በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ለሯጮች እንክብል የመስጠት ሐሳብ ብርታት ያገኘው ከዚህ ዓይነቱ ውጤት ነው። ነገር ግን ጥናቱ ያሳየው እጥረት ያለበት እንስሳ እንደሚጎዳ እንጂ የጠገበው ሲጨመርለት የበለጠ እንደሚሮጥ አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በማስታወቂያ ላይ ግን ሲቀላቀሉ ይታያል።

በሰው ላይ የተገኘው ውጤት ሲታይ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ብዙ ሰው ከሩጫ በኋላ በደም ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኢ ይቀንሳል ብሎ ይጠብቃል። እ.አ.አ በ1988 የታተመ የቤልጂየም ተመራማሪዎች ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ብስክሌት በብርቱ በሚጋልቡ ሰዎች ደም ውስጥ ቫይታሚኑ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ካረፉ በኋላም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ይህ እንዴት ይኾናል? ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። አንደኛው የላብ ጉዳይ ነው። ሯጩ ላብ ሲያወጣ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ምንም ሳይጨመርበት ቫይታሚኑ በሊትር ሲለካ የበዛ ይመስላል። ወጥ በእሳት ላይ ሲቆይ ጨው ሳይጨመርበት ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ረጅም ሩጫ የተከማቸ ስብን ለማገዶነት ማውጣቱ ነው። የስቡ ማከማቻ ሲከፈት እዚያ የነበረ ቫይታሚን ኢም ወደ ደም ሊወጣ እንደሚችል ተመራማሪዎች ይገልጻሉ።

በቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሰውነት ለጫናው ምላሽ ሲሰጥ የደም ፈሳሽ ይጨምራል፤ ደሙም ይቀጥናል። ያን ጊዜ የሚለካ ቫይታሚን የቀነሰ ይመስላል። ስለዚህ በፍጻሜው መስመር ላይ የተቀዳ ደምና ከሁለት ቀን በኋላ የተቀዳ ደም ስለ አንድ ሰው ሁለት የተለያየ ወሬ ሊያወሩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ስለ ጎተራው የሚናገሩት ጥቂት ነው።

የሃምሳ ኪሎ ሜትሩ ጥናት

ይህን ውዥንብር በብልሃት ያለፈው ጥናት እ.አ.አ በ2001 በአሜሪካ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ የተደረገው ነው። ከመሪዎቹ አንዷ በቫይታሚን ኢ ምርምር ስማቸው የሚጠራው ማረት ትሬበር ናቸው። ተመራማሪዎቹ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ብቻ አልለኩም፤ ቫይታሚኑ በምን ያህል ፍጥነት ከደም እንደሚወጣ ለማወቅ ፈለጉ። ለዚህም ምልክት የተደረገበት ቫይታሚን ኢ ተጠቀሙ። ምልክቱ ዲዩተሪየም የሚባል ከተለመደው ሃይድሮጅን የሚከብድ፣ ጨረር የሌለውና ጉዳት የማያደርስ ዓይነት ሃይድሮጅን ነው። አርሶ አደር ከመንጋው መካከል የራሱን በግ በጆሮዋ ምልክት እንደሚለይ፣ ተመራማሪዎቹም የሰጡትን ቫይታሚን ከነባሩ ለይተው መከታተል ቻሉ።

በጥናቱ የተሳተፉት 11 ሯጮች ነበሩ። ከውድድሩ በፊት ምልክት ያለበትን ቫይታሚን ወሰዱ፤ ከዚያም 50 ኪሎ ሜትር ሮጡ። በየደረጃው ደማቸው ተቀዳ። በሌላ ጊዜ ደግሞ እነዚያው ሰዎች ያንኑ ቫይታሚን ወስደው ሳይሮጡ ዋሉ። አንዱ ሰው ከራሱ ጋር ስለተነጻጸረ “ሯጭና ሯጭ ያልኾነ ሰው ይለያያሉ” የሚል ክርክር አይነሣም።

ውጤቱም በሮጡበት ጊዜ ምልክት ያለበት ቫይታሚን ከደማቸው የወጣበት ፍጥነት ሳይሮጡ ከዋሉበት የበለጠ መኾኑን አሳየ። የስብ መበላሸትን የሚያመለክተው አይሶፕሮስቴን የተባለው ንጥረ ነገርም በሩጫው ጊዜ ከግማሽ በላይ ጨምሮ ተገኘ። በማግሥቱ ግን ወደ ቀድሞ መጠኑ ተመልሶ ነበር። ይህ የመጨረሻው ግኝት ከሌላው ያነሰ ትኩረት ሲሰጠው ይታያል፤ በእኛ አስተያየት ግን ለሯጭ ትልቁ መልእክት እርሱ ነው። ጉዳቱ ሲነሣ ሰውነት በአንድ ቀን ውስጥ አስተካክሎታል።

ቀጥሎ ያው የምርምር ቡድን በ22 ሯጮች ላይ እንክብልን ፈተነ። ከፊሎቹ ለስድስት ሳምንታት በየቀኑ 300 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኢ እና 1 ሺህ ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ወሰዱ፤ የቀሩት ምንም ቫይታሚን የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ተሰጣቸው። ከዚያም 50 ኪሎ ሜትር ሮጡ። ቫይታሚን በወሰዱት ላይ የስብ መበላሸት ምልክቱ አልጨመረም፤ እስከዚህ ድረስ እንክብሉ ሠርቷል። የጡንቻ ጉዳቱና የጡንቻ ድካሙ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልነበረውም። የላቦራቶሪው ቁጥር አማረ፤ እግሩ ግን እንደዚያው ዛለ።

እንክብሉ ሲበዛ

እ.አ.አ በ2004 ከታተሙት ጥናቶች አንዱ የተሠራው በሃዋይ፣ ኮና በሚካሄደው ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫን በሚያጣምረው የዓለም ሻምፒዮና ላይ ነው። ከ38 ተወዳዳሪዎች መካከል ከፊሎቹ ለሁለት ወራት በየቀኑ 800 ዓለም አቀፍ መለኪያ ቫይታሚን ኢ ወስደው ነበር። በደማቸው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ከሌሎቹ በእጅጉ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከውድድሩ በኋላ ግን የስብ መበላሸት ምልክቱ ይበልጥ የጨመረው በእነርሱ ላይ ነበር። ቀደም ሲል እንዳነሣነው ቫይታሚን ኢ እሳቱን ሲያጠፋ ራሱ ይለወጣል፤ እርሱን የሚመልሱ አጋዦች ሳይበዙ እርሱ ብቻ ሲበዛ መከላከያው ወደ አጥቂነት ሊዞር ይችላል የሚል ማብራሪያ ይሰጣል።

ሌላም ነገር አለ። ነፃ ራዲካል ጠላት ብቻ አይደለም፤ መልእክተኛም ነው። ጡንቻ በልምምድ ጊዜ የሚደርስበትን ጫና የሚያውቀውና “ለሚቀጥለው ልዘጋጅ” የሚለው በከፊል በእርሱ አማካኝነት ነው። እ.አ.አ በ2009 በጀርመን 40 ወጣት ወንዶች ለአራት ሳምንታት ሲሠለጥኑ፣ ቫይታሚን ሲ እና ኢ በእንክብል የወሰዱት ልምምዱ ለኢንሱሊን አሠራር የሚሰጠውን ጥቅም ሳያገኙ ቀሩ። እ.አ.አ በ2014 ደግሞ በኖርዌይ 54 ሰዎች ለ11 ሳምንታት ተፈትነው፣ ቫይታሚኖቹን በወሰዱት ጡንቻ ውስጥ ጉልበት አመንጪ የኾነው የማይቶኮንድሪያ ዕድገት ተገትቶ ታየ። በርግጥ በዚህኛው ጥናት የሩጫ ብቃታቸው ከሌሎቹ ያነሰ አልነበረም፤ የበለጠም ግን አልነበረም። ገንዘብ ከፍሎ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት ኪሳራ ነው።

በመድኃኒት ቤት በብዛት የሚታየው ባለ 400 መለኪያ እንክብል፣ እንደ ተፈጥሯዊነቱ ወይም እንደ ሰው ሠራሽነቱ፣ አንድ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው 15 ሚሊ ግራም ከ12 እስከ 18 እጥፍ የሚኾን ነው። ይህን በየቀኑ ለዓመታት መውሰድም ያለ ዋጋ አይደለም። ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች በተሳተፉበትና ውጤቱ እ.አ.አ በ2011 በታተመው የአሜሪካ ጥናት፣ በቀን 400 መለኪያ የወሰዱ ጤነኛ ወንዶች ከማይወስዱት ይልቅ በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ17 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። ከፍተኛ መጠን የደም መርጋትንም ያዳክማል። ዋርፋሪንን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊወስደው አይገባም።

ከኑግ እስከ ሱፍ

እንግዲያው የረጅም ርቀት ሯጭ የሚጠቀምበትን ቫይታሚን ከየት ይተካል? መልሱ ከእርሻችን ብዙ አይርቅም። የቫይታሚን ኢ ዋነኛ ምንጭ የቅባት እህልና ዘይቱ ነው። ሱፍ ከሁሉም ከፍተኛ ከኾኑት ይመደባል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የፈረንጅ ሱፍ ዘይት ከአምስት ሚሊ ግራም በላይ ይሰጣል፤ ይህም የቀኑ ፍላጎት ሲሶ ነው። በኢትዮጵያ ኑግ ላይ በተደረገ ምርመራም ዘይቱ በቶኮፌሮል የበለጸገ መኾኑና ከዚህም አብዛኛው ጉበት የሚመርጠው አልፋ ቶኮፌሮል መኾኑ ታይቷል። ለውዝ ጥሩ ምንጭ ነው፤ አቮካዶና አረንጓዴ ቅጠል ደግሞ በመጠኑ ያግዛሉ።

ሰሊጥ ለየት ያለ ነው። በውስጡ የሚበዛው ጋማ ቶኮፌሮል የተባለው ዓይነት ስለኾነ ጉበት ብዙም አያቆየውም። በሌላ በኩል ሰሳሚን የተባለው የሰሊጥ ንጥረ ነገር ጉበት ቫይታሚን ኢን የሚሰባብርበትን ፍጥነት እንደሚቀንስ ታውቋል።

ጾም ለሯጭ በዚህ ረገድ እንቅፋት አይደለም። በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ጎመንና የተቆላ ለውዝ ያለበት የጾም ማዕድ በቫይታሚን ኢ በኩል ከፍስኩ ላያንስ፣ እንዲያውም ሊበልጥ ይችላል። የሚጾም ሯጭ የሚያሳስበው ነገር ካለ ከቫይታሚን ኢ ይልቅ ቫይታሚን ቢ 12 እና ብረት ናቸው። ክብደት ለመቀነስ ሲል ዘይት ያለበትን ምግብ ጨርሶ የሚተው ሯጭ ግን ይጎዳል፤ ምንጩንም መጓጓዣውንም ባንድ ጊዜ ያጣልና።

ቀኑን ሙሉ ከበሬ ኋላ ለሚውል አርሶ አደርም ተመሳሳይ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የእርሻ ሥራ አድካሚ ቢኾንም ሰውነት በቀስታና በረጅሙ የሚሠራው ስለኾነ፣ በቂ ምግብ እስካለ ድረስ የተለየ የቫይታሚን ኢ ጭማሪ የሚጠይቅበት ምክንያት አይታይም።

የዘይቱ አያያዝ ግን ሁሉንም ይመለከታል። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ቫይታሚኑን ያጠፉታል። የተፈረከሰ ወይም እርጥበት ያገኘው ፍሬ ገና ሳይጨመቅ መበላሸት ይጀምራል። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይትም ቫይታሚኑን እያጣ ይሄዳል። ዘይትን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ፣ ከፀሐይና ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥ፣ ለወራት ከማከማቸትም በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማስጨመቅ ይመረጣል።

እውነተኛ እጥረት ሲኖር

በጤነኛና በቂ ምግብ በሚያገኝ ሰው ላይ የቫይታሚን ኢ እጥረት ብርቅ ነው። የሚታየው በአብዛኛው ስብን መመጠጥ የማይችል አንጀት ባላቸው፣ የሐሞት መተላለፊያ ወይም የቆሽት ሕመም ባለባቸው፣ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት፣ እንዲሁም ያ የጉበት ፕሮቲን ሲወለዱ ጀምሮ በጎደላቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ምልክቱም ከሩጫ በኋላ የሚሰማ የጡንቻ ሕመም አይደለም። የእግር መደንዘዝ፣ ሚዛን መሳትና ሲራመዱ መወላገድ ናቸው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ተቅማጥ ያለበት ወይም ሰገራው ቅባት የበዛበት ሯጭ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለበት ለእንክብል ሳይኾን ለአንጀቱ ምርመራ ነው።

ምርመራው የግድ አስፈላጊ ኾኖ ከተገኘ፣ ደሙ መቀዳት ያለበት ሯጩ ጥቂት ቀናት ካረፈ በኋላ፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀምስ ነው። የኮሌስትሮልና የሌላው የደም ስብ መጠንም አብሮ መለካት አለበት። ቫይታሚኑ በስብ ላይ ተሳፍሮ ስለሚጓዝ፣ እንደ ብዙዎቹ ቀጫጭን ሯጮች የደም ስቡ ዝቅ ያለ ሰው ቫይታሚኑ ሳይጎድልበት የጎደለበት ይመስላል፤ ሐኪሙም ሁለቱን አነጻጽሮ ካላየ በቀር ጤነኛውን ሯጭ ለማያስፈልገው እንክብል ሊዳርገው ይችላል።